ኮማጋኤሪ ላይ ያልተቋረጠው ምስል

ካጌያማ ቴትሱኦ ማትሱኤ ከተማ ወደሚገኘው ትንሽ የምርምር ቢሮ የመጡት በሰኔ ዝናብ ነው። ጃንጥላቸውን በር ላይ አስደግፈው፣ የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩ ስልካቸውን አወጡና አንድ ቪዲዮ ከፈቱ። ሁለት ሴቶች እርጥብ የተራራ መንገድ ላይ ይሮጣሉ። ከኋላ ያለችው ቀጭን ልጅ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ በውጭ በኩል ልትቀድም ስትነሳ ምስሉ በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ተበታተነና ቀጥ አለ። የልጅቷ ቀኝ እግር አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ምስሉ ሲመለስ ልጅቷ ከፊት ነበረች። እንዴት እንደቀደመች ግን ያየ የለም።

ልጅቷ የሂኖካሚ መንደር ሯጭ ነበረች። ሂኖካሚ በየዓመቱ በኅዳር በሚደረገው የሴቶች የቅብብል ሩጫ መምራት ይቅርና ከጭራዎቹ ተርታ ወጥታ አታውቅም። በዚያን ዕለት መንደሩ በሙሉ አዳራሽ ተሰብስቦ በትልቅ ስክሪን እያየ ነበር። የሚመሩበት ቅጽበት ሲመጣ ያዩት የቀዘቀዘ እግር ብቻ ሆነ። ካጌያማ የክፍለ ሀገሩ ቴሌቪዥን የቀጥታ ስርጭት ዳይሬክተር ናቸው፤ ስልኩ ያን ዕለት የጮኸው በእሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ፀጉር ቤት ስገባ ይጠይቁኛል፤ ሱቅ ስሄድ ይጠይቁኛል» አሉ። «እግሯ አየር ላይ የቀረው ልጅ ወረደች ወይ ይሉኛል።»

ሞጋሚ ሳቁን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሞጋሚ የቢሮው የቺፕ ሰው ነው፤ ሌላው በወረቀት ላይ ያሰበውን እሱ በብረትና በሲልከን ይሠራዋል። አጠገቡ የተቀመጠችው ኩዋባራ ቺዙሩ ግን አልሳቀችም። ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሳ፣ ምስሉ የተሰበረበትን ቦታ ደጋግማ አየችው። መጀመሪያ የተበላሸው የትኛው ጥግ እንደሆነ፣ ስብራቱ እንዴት እንደተዛመተ ትመለከት ነበር።

ካጌያማ የሚፈልጉትን ነገሯቸው። ሩጫው ዘንድሮም በኮማጋኤሪ የተራራ ማለፊያ ያልፋል። በኅዳር ማለፊያው ጉም ስለሚለብስ ሄሊኮፕተር አይነሳም። ሯጮቹን ተከትሎ ሊሄድ የሚችለው የካሜራ ሞተር ሳይክል ብቻ ነው፤ የሞተሩ ሲግናል ደግሞ መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ይሞታል። የማይሰበር ምስል ይፈልጋሉ። መዘግየትም አይፈልጉም፤ ከማለፊያው በታች ባለው ድልድይ ላይ የቆመው ተንታኝ ያየውን ተመልካቹ ገና ካላየው ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። ሞጋሚ ጊዜው አጭር መሆኑን በጨዋ ቋንቋ ሊያስረዳ ጉሮሮውን ሲጠርግ ቺዙሩ ቀደመችው።

«ይቻላል» አለች።

ሞጋሚ ካጌያማን ሸኝቶ ሲመለስ፣ ለመሆኑ እንዴት ነው የሚቻለው ብሎ ጠየቃት። ቺዙሩ ገና እንደማታውቅ ነገረችው። ይህን ያለችው ደግሞ ዓይኗ እያበራ ነበር።

ቺዙሩ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ሌላ ነገር ሠርታ አታውቅም፤ ሥራዋ ስህተት የሚያርሙ ኮዶችን መንደፍ ነው። ነገሩ ሲገለጥ እንዲህ ነው። ካሜራው ያየው ሁሉ ዜሮና አንድ ሆኖ፣ ቢት በቢት፣ በአየር ላይ ይላካል። ተራራው፣ ጥዱ፣ የሚያልፈው አውቶቡስ አንዳንዱን ቢት ይበላዋል፤ አንዳንዱን ይገለብጠዋል። ስለዚህ ላኪው ከምስሉ ቢቶች ጋር ሌሎች ጠባቂ ቢቶችን ይልካል። ጠባቂዎቹ ከምስሉ ጋር በስሌት የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱ ሲጠፋ የቀሩት ማን እንደነበረ ይናገራሉ። ጠባቂ ሲበዛ ምስሉ አይሰበርም፤ ነገር ግን አየሩ የሚሸከመው የተወሰነ ስለሆነ ለራሱ ለምስሉ የሚተርፈው ያንሳል፤ ሯጮቹም እንደ ጥላ ይደበዝዛሉ። ጠባቂ ሲያንስ ምስሉ ይጠራል፤ ግን ለመሰበር አንድ ክፉ መታጠፊያ ይበቃዋል። የቴሌቪዥን ጣቢያው አሮጌ መሣሪያ የጠባቂዎቹን ቁጥር አንድ ጊዜ ወስኖ እስከ መጨረሻው በዚያው ይቀጥል ነበር። ሜዳው ላይ ጠባቂ ያባክናል፤ ተራራው ላይ ይራባል።

መጀመሪያ የሞከሩት ሁሉም ሰው የሚሞክረውን ነው። ኮረብታ ላይ ያለው መቀበያ የሲግናሉን ጥንካሬ ይለካል፤ ለሞተሩ ጨምር ወይም ቀንስ ብሎ ይነግረዋል፤ ሞተሩም ይታዘዛል። በሐምሌ ደረቅ ቀን ይዘውት ወደ ኮማጋኤሪ ወጡ። ሞተሩን የምትነዳው ኦኖዴራ ማቺ ትባላለች፤ ከሃምሳ ያለፈች፣ የካሜራ ሞተር ስትነዳ የኖረች ሴት ናት። ቺዙሩ በአክብሮት እርስዎ እያለች ስታናግራት ማቺ የራስ ቁሯን እያጠበቀች ቆጣ አለች።

«አንቱ አትበይኝ» አለቻት። «ከሞተር ስወርድ አሮጊት ነኝ፤ እዚህ ላይ ግን እኩያሽ ነኝ። ወገቤን ያዢ፤ ስጋደም አብረሽኝ ተጋደሚ።»

ቺዙሩ ክንዷ ላይ ትንሽ ስክሪን አስራ ከኋላ ተቀመጠች። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ምስሉ የጠራ ነበር። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ወደ ግራ ተጋደመ፤ ተራራው በቀኝ በኩል ሰማዩን ሸፈነ፤ ምስሉም ተበታተነ። ከመታጠፊያው ወጥተው እንደገና ሜዳ ላይ ሲሆኑ ምስሉ ተመለሰ፤ ግን ደብዛዛ ነበር። ጠባቂ ጨምር የሚለው ትእዛዝ ተለክቶ፣ ተወስኖ፣ ተልኮ እስኪደርስ ድረስ መታጠፊያው አልፏል። ጠባቂዎቹ የመጡት ማንም በማይፈልጋቸው ቦታ ነው። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም መታጠፊያ እንደዚያው ሆነ። ጫፉ ላይ ሲቆሙ ማቺ ስክሪኑን አጎንብሳ አየችና፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ጃንጥላ የሚዘረጋ መሣሪያ ሠርታችኋል ብላ ሳቀችባት።

ቺዙሩ ግን ገና መታጠፊያው ላይ ሳሉ፣ ሰውነቷ ከማቺ ጋር ሲጋደም፣ አንድ ሐሳብ መጥቶላት ነበር። መለካት፣ መጠየቅና መታዘዝ የሚባለው ሰንሰለት በሙሉ ትርፍ ነው። ላኪው ለምን ትእዛዝ ይጠብቃል? ለእያንዳንዷ የምስል ቁራጭ በመጀመሪያ ጥቂት ጠባቂዎችን ይላክ። መቀበያው ቁራጩን ከፈታ በቃኝ ይበል፤ ላኪውም ወደሚቀጥለው ይለፍ። በቃኝ የሚል ካልመጣ ላኪው ለዚያችው ቁራጭ ጠባቂ መጨመሩን ይቀጥል። የሚጠየቅ ነገር የለም። ዝምታ ማለት ጨምር ማለት ነው።

ይህንን ለሞጋሚ የነገረችው መኪናው ውስጥ፣ ሩዝ ኳሷን በእጇ እንደያዘች ነበር። ሞጋሚ እየነዳ ሰማት። ከዚያም ዋናውን ችግር ነገራት፤ እሷም ታውቀዋለች። እንዲህ የሚሠራ ኮድ በሁሉም መጠን ጎበዝ መሆን አለበት። ጥቂት ጠባቂ ሲኖረውም፣ ብዙ ሲኖረውም፣ በመካከል በየትኛውም ቦታ ላይ ቢቆምም ማረም መቻል አለበት። አብዛኛው ኮድ ደግሞ ለአንድ መጠን ተሰፍቶ የሚለበስ ልብስ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ቺዙሩ ብዙ ጠባቂ ያለው ጠንካራ ኮድ ነደፈች፤ ከዚያም ጠባቂዎቹን እየነቀለች ቀጫጭኖቹን ልታወጣ ሞከረች። ወፍራሙ ድንቅ ነበር፤ ቀጫጭኖቹ ግን ያሳፍሯታል። በሙከራው ሁሉ መጨረሻ ላይ ጥቂት ስህተቶች ይቀራሉ። እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ፤ ጠባቂዎቹ ሲቆጥሩ ሁሉም ደህና መስሎ ይታያቸዋል። በስክሪኑ ላይ እንደ ትንኝ ብልጭ የሚሉ ነጠብጣቦች ሆነው ይወጣሉ። ሞጋሚ የቺዙሩን ሁኔታ የሚያውቀው ከድምጿ ነው፤ እስክሪብቶ ጠቅ ጠቅ ስታደርግ እያሰበች ነው፤ ዝም ስትል ተቸግራለች፤ ስታንጎራጉር ግን ሥራ ሊበዛበት ነው። ያን ሰሞን ጠረጴዛዋ ጭጭ ብሎ ሰነበተ።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት ያልታረሙትን ስህተቶች በሰሌዳው ላይ በነጥብ ስትስል፣ የምትስለው ነገር እጇ አስቀድሞ የሚያውቀው መሆኑ አስደነገጣት። ትናንትም የተደበቁት እዚያው ነበር። ከትናንት በስቲያም። ስህተቶቹ በየቦታው አይደበቁም፤ የተወደዱ ጎሬዎች አሏቸው። ከወፍራሙ ስትነቅል ጎሬዎቹን የምትከፍትላቸው እሷው ራሷ ናት። ነገሩ መገልበጥ አለበት። ከቀጭኑ ተነሥቶ፣ ቀጭኑን በራሱ እንዲቆም አድርጎ መሥራት። ከዚያ የመጀመሪያውን ተጨማሪ ጠባቂ የቀጭኑ ጎሬ በር ላይ ማቆም። ሁለተኛውን ደግሞ ከመጀመሪያው በኋላ በሚቀረው ጎሬ በር ላይ። እንዲህ እያለ ኮዱ እንደ ዛፍ ይደግ፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ያለፈው ድክመት ባለበት ይብቀል።

ሞጋሚ የሶባ ፓስታ ሳህኑን ይዞ ሲገባ ቺዙሩ ሰሌዳው ፊት ቆማ ታንጎራጉራለች። ሳህኑን አስቀመጠና እጁን ኪሱ ከተተ።

«ስንት ሳምንት ነው የምትወስጅብኝ?» አላት።

«ቺፑን ካወቅከው ትንሽ ነው።»

«አንቺ ትንሽ ስትይ ሚስቴ ስሜን ትረሳለች» አለ ሞጋሚ። ቢሆንም ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሶባው እስኪበርድ ድረስም አልነኩትም።

በጥቅምት እንደገና ወጡ። ቺዙሩ ከማቺ ኋላ ተቀመጠች፤ ክንዷ ላይ ያለውን ስክሪን ለማየት ፈርታ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። ሞተሩ ተጋደመ። ዓይኗን ስትከፍት መታጠፊያው መሃል ላይ ነበሩ፤ መንገዱ፣ የብረቱ አጥር፣ የጥዱ ግንድ ሁሉ በስክሪኑ ላይ እንዳለ ነው። ትንሽ ደበዘዘ እንጂ አልተሰበረም። ከመታጠፊያው ሲወጡ ደግሞ ማንም ሳያዝዘው ወዲያው ጠራ። ቺዙሩ ከራስ ቁሯ ውስጥ የሆነ ድምፅ አወጣች። ማቺ የመታት ነገር ያለ መስሏት ፍሬን ያዘች። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ቺዙሩ ወርዳ መንገዱ ዳር በትንንሽ እርምጃ ክብ ሠርታ ዞረች፤ መቆም አልቻለችም። ማቺም ይህችን ሴት ኋላዬ ጭኜ መመለሴ ነው ወይ ብላ ተሳለቀች።

የሩጫው ዋዜማ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። በሩጫው ቀን ጠዋት ካጌያማ ሲደውሉ ድምፃቸው ሌላ ነበር። ወደ ሰሜኑ ኮረብታ የሚወስደው መንገድ ተንዶ ተዘግቷል። መቀበያውን የጫነው መኪና ሊወጣ የታሰበው ደግሞ እዚያ ነው፤ ማለፊያውን ከላይ እስከ ታች የሚያየው ያ ኮረብታ ብቻ ነውና። መኪናው ዝቅ ብሎ ከአንድ ቤተ መቅደስ ግቢ ፊት ለመቆም ተገደደ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የማለፊያው ግማሽ ነው። የቀረውን ግማሽ፣ መታጠፊያዎቹ የበዙበትን፣ ተራራው ጋርዶታል። በዚያ ላይ ጥዱ ሁሉ ውኃ ጠጥቶ ከብዷል፤ እርጥብ ቅጠል ሲግናል ይውጣል።

ቺዙሩና ሞጋሚ መኪናው ውስጥ ገብተው ሙከራውን ጀመሩ። ማቺ ባዶውን መንገድ አንድ ጊዜ ወጥታ ወረደች። የታችኛው ግማሽ ደህና ነበር። የላይኛው ላይ ኮዱ ያለውን ጠባቂ ሁሉ አውጥቶ ጨረሰ፤ ምስሉም ሄደ። ካጌያማ ከኋላቸው ቆመው አዩት። የታችኛው ድልድይ ላይ የቆመ ቋሚ ካሜራ አላቸው፤ ሯጮቹ ማለፊያውን ጨርሰው ሲወርዱ እሱ ይቀበላቸዋል። በመሃል ያለውን የተንታኙ ወሬ ይሞላዋል። ለምክትላቸው በቀስታ ያን ያዘጋጅ ዘንድ ሲነግሩት ቺዙሩ ሰማች።

በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ አየችው። ከተራራው ማዶ፣ በደቡቡ በኩል፣ የበረዶ መንሸራተቻው ጣቢያ ጣሪያ ላይ ቴሌቪዥኑ ሌላ መቀበያ ሰቅሏል፤ ለአንድ ቋሚ ካሜራ የተሰቀለ ነው። ከዚያ እስከዚህ መኪና የፋይበር መስመር አለ። እዚያ ያለው አንቴና ሞተሩን በደንብ አያየውም፤ ከገደሉ እየነጠረ የሚደርሰውን ፍርፋሪ ብቻ ነው የሚሰማው። በፍርፋሪ ምስል አይሠራም። ግን የእሷ ኮድ ሙሉ ነገር አይጠይቅም። እያንዳንዷ ጠባቂ በየትም በኩል ትግባ፣ ከደረሰች ትጠቅማለች። የቤተ መቅደሱ አንቴና የጠረጠረውን የደቡቡ አንቴና ካረጋገጠለት፣ ይህኛው ያልሰማውን ያኛው በግማሽ ጆሮ ከሰማው፣ የሁለቱ ግማሽ ዕውቀት ሲደመር አንድ ሙሉ ሊሆን ይችላል።

ለሞጋሚ በፍጥነት አስረዳችው። ሞጋሚ ሁለቱ የሚሰሙት በአንድ ቅጽበት እንደማይደርስ፣ ማስተካከል እንደሚያስፈልግ ነገራት። ደግሞ በቃኝ የሚለው መልስ የሁለቱ ድምር እስኪታወቅ ስለሚዘገይ ምስሉ ከታሰበው በላይ ይደበዝዛል። ይህን ሁሉ እየዘረዘረ ጣቶቹ ግን ኪቦርዱ ላይ ነበሩ፤ በየቁራጩ ራስ ላይ ያለውን የታወቀ ምልክት ይዞ ሁለቱን ጅረት ጎን ለጎን ማሰለፍ ጀምሯል።

ካጌያማ ወደ እነሱ ጎንበስ አሉ።

«ይህ ነገር ከዚህ በፊት ተሞክሮ ያውቃል?»

«አያውቅም» አለች ቺዙሩ።

«ዛሬ ይሠራል?»

«ስሌቱ ይሠራል ይላል፣ ካጌያማ-ሳን። እኔም ይሠራል እላለሁ። የሞተሩ ምስል እስኪሰበር ድረስ ከእሱ አይውጡ። ከተሰበረ ግን ወደ ድልድዩ ይለፉ፤ አልቀየምዎትም።»

ሩጫው ተጀምሯል፤ በሌላው ስክሪን ላይ የሁለተኛው ዙር ሯጮች በዱላ ፈንታ የሚቀባበሉትን መቀነት ከትከሻቸው እያወለቁ ለተረካቢዎቻቸው ሲያቀብሉ ይታያል። ካጌያማ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አንድ ጣታቸውን የድልድዩ ካሜራ ቁልፍ ላይ አሳረፉ።

«አንድ የተበተነ ቁራጭ እስካይ ድረስ አብሬሽ ነኝ» አሉ።

የሂኖካሚን መቀነት በማለፊያው ግርጌ የተረከበችው ታዶኮሮ ካሆ ናት፤ አምና እግሯ አየር ላይ የቀረባት ያቺው ልጅ፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ወላጆቿ ላም የሚያልቡ። መንደሯ ያን ጊዜ ሦስተኛ ነበር። ከፊቷ ሁለት ሯጮች አሉ፤ መሪዋ የወደብ ከተማው ቡድን ዝነኛ ሯጭ ናት። ማቺ ከጎናቸው ሞተሯን በሯጭ ፍጥነት እየጎተተች፣ ካሜራ ያዡን ከኋላ አስቀምጣ ትወጣለች። ዝናቡ አላባራም።

የታችኛው መታጠፊያዎች ያለ ችግር አለፉ። ካሆ ሁለተኛዋን ሯጭ ቀደመች፤ ምስሉ የጠራ ስለነበር ከአፍንጫዋ ጫፍ የሚወርደው ውኃ ሳይቀር ታየ። ከዚያ ሞተሩ ከተራራው ጀርባ ገባ። የቤተ መቅደሱ አንቴና ጠቋሚ መስመር እንደ ወደቀ ድንጋይ ወረደ። የደቡቡ ጣቢያ ጠቋሚም ደካማ ነው፤ ያንቀላፋ ሰው ራስ ይመስል ብቅ ጥልቅ ይላል። ሁለቱም ለየብቻቸው ከንቱ ናቸው። የድምራቸው መስመር ግን ምስሉ ከሚሞትበት ልክ ከፍ ብሎ ቆሟል።

ምስሉ ደበዘዘ። የጥዱ ጫካ አረንጓዴ ጭስ ሆነ። የካጌያማ ጣት ቁልፉ ላይ ሲጠብቅ ቺዙሩ አየች። ነገር ግን አንድም ቁራጭ አልተበተነም። ሁለቱ ሯጮች አሉ፤ እግራቸው ይነሣል፣ ያርፋል፣ ይነሣል። ሞጋሚ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ጠባቂዎቹ ሊያልቁ ነው፣ የመጨረሻዎቹ ላይ ደርሰናል አለ። ከዚያ ሞተሩ ትንሽ ወደ ገደሉ ወጣ፤ የደቡቡ ጣቢያ የሆነ ነጸብራቅ ያዘ፤ ምስሉም ተነፈሰ።

ካሆ ለመቅደም የተነሣችው ያን ጊዜ ነው። በማለፊያው በጣም ጠባብ መታጠፊያ፣ ሰው ሁሉ ኃይሉን በሚቆጥብበት ዳገት ላይ፣ በውስጥ በኩል ገባች። መሪዋ ሰማቻትና ፈጠነች። ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። አንድ ጊዜ ካሆ በግማሽ ደረት ወጣች፤ መሪዋ መልሳ ያዘቻት። በሁለተኛው ሙከራ ካሆ አገጯን ደረቷ ላይ ቀብራ፣ ክንዶቿን እንደ ዋናተኛ እያወናጨፈች፣ የመንገዱን ጠርዝ እየረገጠች ሄደች። መሪዋ አንድ እርምጃ ቀረች። ከዚያ ሁለት። ሁሉም ታየ፤ እያንዳንዱ እርምጃ፣ መሪዋ ጎንዋን ስትይዝ፣ ካሆ ወደ ኋላ ላለማየት አንገቷን ስታደነድን። ተንታኙ ደስታው ቃል አሳጥቶት መንተባተብ ጀመረ።

መኪናው ውስጥ ማንም አልጮኸም። ቺዙሩ ግን የሞጋሚን እጅጌ እንደያዘች አላወቀችም፤ ኋላ ሲያሳያት ስፌቱ ተተርትሯል። ካጌያማ ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ አንስተው ያንኑ እጃቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ሞተሩ ከተራራው ጀርባ ወጣ፤ ምስሉም መስኮት የተከፈተ ያህል ጠራ። የሂኖካሚ መቀነት ወንዙ ዳር ላይ ወደ ቀጣዩ ሯጭ ትከሻ ሲያልፍ ከፊት ማንም አልነበረም።

መንደሩ በመጨረሻ አምስተኛ ሆኖ ገባ። ቀሪዎቹ ሯጮች የቻሉትን ሮጡ፤ የወደብ ከተማው ቡድንም አሸነፈ። ሂኖካሚ ውስጥ ግን ይህን የተረዳ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። ማቺ ጭቃ ለብሳ ስትመለስ ሁሉንም ወደ መንደሩ አዳራሽ እየነዳች ወሰደቻቸው። በር ላይ በትልቅ ድስት የአሳማ ሥጋ ሾርባ ይፈላል። ሴቶች ቺዙሩ እጅ ላይ ሳህን አስያዟት፤ ባዶ ከማድረጓ በፊት ደግሞ ሞሉት። ካጌያማ እስከ ትናንት የሚሸሿቸውን የመንደሩን ሽማግሌዎች ዛሬ ራሳቸው እየፈለጉ ሰላም ይላሉ። አንዱ ሽማግሌ ይዟቸው፣ አሁን ልጅቷ ከአየር ላይ ወርዳለች ብሎ ነገራቸው፤ ከልባቸው ሳቁ።

ቺዙሩ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሞጋሚ የቀዳውን መረጃ በላፕቶፑ ላይ መመልከት ጀምራለች። መጠበቅ አልቻለችም። በዚያ ጠባብ መታጠፊያ ላይ የቤተ መቅደሱ አንቴና ለብቻው ምን ያህሉን ሊፈታ ይችል እንደነበር አሰላች፤ ምንም አይፈታም ነበር። የደቡቡም ምንም። አብረው ግን አንዲትም ቁራጭ አልቀረችም። ሾርባዋን ትታ ማንጎራጎር ጀመረች። ሞጋሚ ከወዲያ ጥግ ሰማና በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

ካሆ ፀጉሯ ገና እንደረጠበ፣ ትከሻዋ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋ መጣች። ቺዙሩ አጠገብ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ይቅርታ ብላ፣ ያቺን ቦታ ማየት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ስትሮጥ ራሷን ገና አላየችም። ቺዙሩ ከፈተችላት። ልጅቷ አፏን በፎጣው ሸፍና ክንዶቿን አየች።

«እጄን እንዲህ ነው የማወናጭፈው?» አለች። «አሰልጣኜ ይገድለኛል። ድገሚልኝ እስቲ።»

ቺዙሩ ደገመችላት። ካሆ እጇን ታያለች፤ ቺዙሩ ደግሞ ከጀርባዋ ያለውን ጫካ። መታጠፊያው መሃል ላይ፣ ከሯጮቹ በስተግራ፣ የጥዱ ቅጠሎች ለአፍታ ተጣብቀው እንደገና ይለያያሉ። ማንም አላየውም፤ የሚያስቸግርም አይደለም። ቢሆንም ቺዙሩ ምክንያቱን ታውቃለች፤ የመጨረሻዎቹ ጠባቂዎች አቀማመጥ ነው፤ የሚቆሙበት ከዚህ የተሻለ በር አለ። ብዕር ፈልጋ ኪሷን ስትዳብስ ካሆ ክርኗን ነካች።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለች ልጅቷ። «ከምቀድምበት ጀምሪልኝ።»